ሦስተኛው ዘፈን

ታውኖን የቀበርነው ማክሰኞ ዕለት ነው። ቀብሩን ያስፈጸመው ቄስ ስዊድናዊ፣ ገና ወጣት፣ ታውኖን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ነበር። ከማኅበራችን ሊቀመንበር በስልክ ጠይቆ የሰማውን ወረቀት ላይ አስፍሮ መጣና፣ «ሟች ሙዚቃ ወዳድ ነበሩ፤ ቅዳሜን ያለ ሙዚቃ አሳልፈው አያውቁም» ብሎ አነበበ። አግዳሚው ላይ የተደረደርነው ፊንላንዳውያን ሽማግሎችና አሮጊቶች እርስ በርስ ተያየን። አዳራሻችን ውስጥ ቡና የምትቀዳው ኬርቱ መሀረቧን አፏ ላይ ጫነች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም፤ ሁለቱንም ይመስለኛል። ታውኖ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ዘፈን በጆሮው አልሰማም።

ቄሱ ግን አልዋሸም። ታውኖ በእነዚያ ዓመታት የቀረው ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ የሁለቱም ጥፋት የእኔ ነው። እኔ ሬይኖ እባላለሁ። እዚህ ጎተንበርግ፣ በፊንላንዳውያን ማኅበር አዳራሽ በር ላይ ቆሜ የሰው ካፖርት ስቀበልና ስመልስ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ካፖርት የሚቀበል ሰው ብዙ ነገር ያያል። ማን አዲስ ሽቶ እንደተቀባ፣ የማን ካፖርት ቁልፍ የሚተክልለት አጥቶ እንደተንጠለጠለ፣ ማን ከማን ጋር ካፖርቱን አጠገብ ለአጠገብ እንዳሰቀለ አውቃለሁ። አውርቼው ግን አላውቅም። አንዴ ብቻ አውርቻለሁ፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ከታውኖ ጋር የተገናኘነው ከወንዙ ማዶ በነበረው መርከብ መሥሪያ ነው። እሱ በያጅ፣ እኔ ላሜራ ቀጥቃጭ። ከምሥራቁ ጫካ፣ ከሩሲያ ድንበር አጠገብ ካለች መንደር የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው አጭር ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት በተዘጋ መርከብ ሆድ ውስጥ ስንደበድብና ስንበይድ እንውል ነበር። ፎርማኑ የጆሮ መከለያ ሰጥቶናል። እኛ ግን የፈሪ ዕቃ አድርገን ቆጥረነው መሣሪያ ሣጥናችን ውስጥ እንጥለዋለን። ወጣት ነበርን፣ ጉራችን ከሰማይ በላይ ነበር። በኋላ እኔ ከመወጣጫ ላይ ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረና ዳንስ አበቃልኝ፤ ማኅበሩም የካፖርቱን በር ሰጠኝ። የእሱ ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ዓይነት ስለነበር ማንም አላየውም።

እኛ ሳምንቱን ሙሉ ስዊድናዊ ነን። ወረፋ እንይዛለን፣ በተሰባበረ ስዊድንኛ «አመሰግናለሁ» እንላለን፣ ጎረቤት በደረጃው ሲያልፍ እንዳንገጣጠም ጆሯችንን በራችን ላይ ለጥፈን እንጠብቃለን። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ግን እንደገና ሰው እንሆናለን። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ሴቶቹ የዳንስ ጫማቸውን በከረጢት ይዘው በእኔ በር ይገባሉ። አህቲ አኮርዲዮኑን ያነሣል። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ፋብሪካውም፣ ሆስፒታሉም፣ የቤት ኪራዩም ተረስቶ ይቆያል።

ዳንሳችን ሥርዓት አለው። ወንዶች በአንድ ግድግዳ፣ ሴቶች በሌላው ይቆማሉ። ወንዱ አዳራሹን አቋርጦ ይሄድና ጎንበስ ይላል። ሴቷ እምቢ አትልም። ሁለት ዘፈን ይደንሳሉ፤ ልብ በሉ፣ ሁለት። ከዚያ ክንዷን ይዞ ከወሰደበት ቦታ ድረስ ይመልሳትና አመስግኖ ይለያል። አንድ ዘፈን ደንሶ መመለስ ስድብ ነው። ሦስተኛውን መደነስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛውን አብሯት የቆየ ወንድ፣ «ይቺን ሴት ቤቷ ድረስ የምሸኛት እኔ ነኝ» ብሎ በአዳራሹ ፊት እንደተናገረ ይቆጠራል። እኛ ቃል አናበዛም፤ በአፋችን የማንለውን በእግራችን እንላለን።

ሂልካ ሁልጊዜ የምትቆመው ከግድግዳ ሰዓቱ ሥር ነበር። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ባሏ መርከበኛ ሆኖ ቀድሞ ሞቶባታል፣ ልጇ ኖርዌይ አግብታ ሄዳለች። ቀጥ ያለች፣ ሰማያዊ ቀሚስ የምትወድ፣ ካፖርቷን አጣጥፋ የምትሰጠኝ ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት። ታውኖ በየቅዳሜው ወደ ሰዓቱ ሥር ይሄዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ ሁለት ዘፈን ይደንሳል፣ መልሶ ያቆማታል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነበር።

«ምን ታወራላችሁ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እንደንሳለን እንጂ ምን እናወራለን?»

«አንተ ሰውዬ፣ በሰባ ዓመትህ ነው ሦስተኛውን የምትጠይቃት?»

«በሰባ ዓመቴ ካላፈረችብኝ እጠይቃታለሁ» አለና ቀላ። መቅላቱ ነው ያሳዘነኝ፤ ቀልዱ ቀልድ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ጆሮው መጥፋቱን ያወቅኩት አንድ የክረምት ቅዳሜ ነው። «በረዶው ዛሬ ጉድ ነው» ስለው፣ የካፖርቱን መስቀያ ቁጥር የጠየቅኩት መስሎት «ሠላሳ ስምንት» አለኝ። ሌላ ነገር ጠየቅኩት፤ አሁንም «ሠላሳ ስምንት» አለኝና ፈገግ አለ። ፈገግታው የእሱ አልመስል አለኝ። ካፖርቶቹ መሀል አስገብቼ ፊቴን አስጠግቼ «ታውኖ፣ ትሰማኛለህ?» አልኩት። ከንፈሬን አየና ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አይሰማም።

«ለማንም እንዳትናገር» አለ። «ሐኪም ቤት የመስሚያ መሣሪያ ሰጥተውኛል። አኮርዲዮኑን ብረት ሲሞረድ አስመሰለብኝ። መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከበሮው በወለሉ በኩል ይመጣልኛል፤ እግሬ ይሰማል። የሚያስቸግረኝ ማለቁ ነው። የቱ ላይ እንዳለቀ አላውቅም።»

«ለምን ለሂልካ አትነግራትም?»

«ታዝንልኛለች። ከዚያ የምትደንሰው ስለምታዝንልኝ ይሆናል» አለ። ጫማውን ገልብጦ አሳየኝ፤ ወለሉን እንዲሰማው ብሎ ሶሉን በሞረድ አሳስቶታል። በያጅ አይደል፣ ያሳሳው እንደ ወረቀት አድርጎ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንድም ሰው የማያናግረው ሰው ነው፤ መርከብ መሥሪያው ከተዘጋ ወዲህ ያለችው ቅዳሜ ብቻ ናት። እሷን ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል?

ስለዚህ ተስማማን። እኔ ከበሩ ሆኜ ኮፍያ አደርጋለሁ። ሁለተኛው ዘፈን እንዳለቀ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። እሱ በሂልካ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን ያያል፣ ኮፍያው ሲወልቅ ይመልሳታል። ሁለት ዓመት ሊሞላን ጥቂት እስኪቀር ድረስ አንዴም ሳንሳሳት ሠራነው። ኬርቱ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ማንን ነው እንዲህ ኮፍያ እያነሣህ ሰላም የምትለው?» እያለች ታበሽቀኝ ነበር።

ከዚያ ያ የኅዳር ቅዳሜ መጣ። ታውኖና ሂልካ ሁለተኛውን ዘፈን እየደነሱ ነበር። አንዲት ሴት ወጥታ የአንገት ልብሷ በካፖርቷ እጅጌ ውስጥ እንደሌለ ነገረችኝ። ወድቆ ይሆናል ብዬ በዚህ የተረገመ ዳሌዬ ተንበርክኬ ካፖርቶቹ ሥር ገባሁ። የአንገት ልብሱን አገኘሁት፤ የገዛ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነበር። ቀና ስል አህቲ ሦስተኛውን ጀምሯል። ራሱ የደረሰው፣ በሦስት ምት የሚደነሰው ያ ቀርፋፋ ቫልስ ነው።

ታውኖና ሂልካ ወለሉ መሀል ናቸው። የቀደሙት ጥንዶች ወጥተው ሌሎች ገብተዋል። አይቶ ይሆን? ማየቱንስ አይቷል፤ ግን ከገዛ ዓይኑ ይልቅ የእኔን ኮፍያ አመነ። ኮፍያዬ ራሴ ላይ ነበረ። ማውለቅ ነበረብኝ፣ ግን አላወለቅኩም። መሀል ላይ ትቷት ቢሄድ የባሰ ነው። የሴቶቹ ግድግዳ በሹክሹክታ ተሞላ። ኬርቱ የቡና ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ወጥታ፣ «እሰይ! ዝሆን ለመውለድ እንኳ ሁለት ዓመት ነው የሚፈጅበት፤ አንተ ግን አሥራ አንድ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ሳቀ። ታውኖ ሰዎቹ ሲስቁ አየ፣ እኔን አየ፣ ገባው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ሂልካን ወደ ሰዓቱ ሥር መለሳት፣ ጎንበስ አለ፣ ካፖርቱን ሳይለብስ በክንዱ ይዞ ወጣ።

እሁድ ቤቱ ሄድኩ። ደወሉን አይሰማም፤ የደብዳቤ መክተቻውን ቀዳዳ ከፍቼ ባትሪ አበራሁበት። አስገባኝ። ክፍሉ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ልጠይቀው ብዙ አሰናድቼ ነበር። አላስጨረሰኝም።

«የቱ ዘፈን ነበር?» አለኝ።

«ምን?»

«ሦስተኛው። የቱ ነበር?»

«የአህቲ ቫልስ» አልኩት፣ ከንፈሬን እንዲያነብ ቃሉን ቀስ አድርጌ።

መሬት መሬት አየ። ከዚያ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ፣ ሬይኖ» አለ። «ጎንበስ ብዬ ‹ሦስተኛውንም ብትፈቅጂልኝ› እላለሁ ብዬ በመስታወት ፊት ተለማምጃለሁ። አሁን በስሕተት መጣ። ሳልጠይቃት። ሰው ፊት አዋረድኳት። እውነቱን ብነግራት፣ ‹ፈልጌሽ አይደለም፣ ደንቁሬ ነው› ማለት ይሆናል። ባልነግራት ዋሸኋት። ወደዚያ አዳራሽ በምን ዓይኔ ነው የምመለሰው?»

ቡና አፈላልኝ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀረ። በሌላውም ቀረ። ሂልካ ሁለቱንም ቅዳሜ ሰዓቱ ሥር ቆመች። ሌሎች ወንዶች ሲጠይቋት ደነሰች፤ ሥርዓት ነውና እምቢ አላለችም። ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ገና በጊዜ ወደ እኔ መጣች።

«ካፖርቴን» አለች። ስሰጣት አልለበሰችውም። «ታሟል?»

«አልታመመም።»

«እንግዲያ ጸጽቶታል» አለችና አሁን ለብሳው ቁልፉን መቆለፍ ጀመረች። የላይኛውን ቁልፍ በታችኛው ቀዳዳ አስገባችው። ያቺ ካፖርቷን አጣጥፋ የምትሰጠኝ ሴት! ይህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቃሌን በላሁ። ጆሮውን፣ የሳሳውን ሶል፣ ኮፍያውን፣ የአንገት ልብሱን፣ መስታወቱን፣ ሁሉን ነገርኳት። አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እኔ ደግሞ ኮፍያህን የምታወልቀው ራስህን እያሳከከህ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ሂልካ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንተ ራስህን ከፍ አድርገህ ነው የምታየው» አለች ቆጣ ብላ። «ሁለተኛው ሲያልቅ እኔ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። እጄን ከትከሻው ላይ ማንሣት ነበረብኝ፣ ሌላ ሴት ብትሆን ታነሣ ነበር። አላነሣሁም። ይሄን ማንም አልጠየቀኝም።» ቁልፎቿን ፈትታ እንደገና በትክክል ቆለፈች። «በመጪው ቅዳሜ አምጣው። እንዴት እንደምታመጣው አንተ ታውቃለህ።»

መጪው ቅዳሜ ከነጻነት በዓላችን በፊት ያለው ነው፤ ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ ሰው የሚበዛበት። ለታውኖ በደብዳቤ መክተቻው በኩል ወረቀት ሰደድኩለት፦ ዳሌዬ ብሶብኛል፣ ሁለት መቶ ካፖርት ብቻዬን አልችልም፣ መጥተህ አግዘኝ፣ አዳራሹን ማየት የለብህም። ጓደኛ በሥራ ከጠራው አይቀርም። መጣ። ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ በካፖርቶቹ እንደ አጥር ተከልሎ ቆመና ማንጠልጠል ጀመረ። እንደ በዓሉ ወግ በየመስኮቱ ሁለት ሁለት ሻማ በርቶ ነበር።

አዳራሻችን ውስጥ ከአህቲ ራስ በላይ ቀይ መብራት አለች። እሷ ስትበራ ተራው የሴቶች ነው፤ ሴቶቹ ናቸው አቋርጠው ሄደው የሚጠይቁት፣ ወንድም እምቢ አይልም። ያን ዕለት መብራቷ ገና እንደበራች ሂልካ ከሰዓቱ ሥር ተነቀለች። ወደ ወንዶቹ ግድግዳ አልሄደችም። አዳራሹን በቁመቱ አቋርጣ ወደ እኛ በር መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። አህቲ ጣቶቹን አኮርዲዮኑ ላይ እንዳሳረፈ ጠበቀ።

ታውኖ አያት፣ ካፖርት ታቅፎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ካፖርቶቹ መለሱት። ጎንበስ አለችለት። እሱ ጆሮውን በጣቱ ነካ፤ እና የማይሰማ ሰው ድምፁን መመጠን አይችልምና፣ አዳራሹን በሚያናጋ ድምፅ ጮኸ፦

«አልሰማም! ሂልካ፣ ምንም አልሰማም! የዚያን ቀንም አልሰማሁም!»

ሁለት ዓመት የደበቅነው ነገር በአንድ ጩኸት ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ታውኖ ዓይኑን ጨፈነ። በሕይወቱ ከዚያ የባሰ ቀን አልነበረውም።

ሂልካ ክንዱን ነካ አድርጋ ዓይኑን አስከፈተችው። መናገር እንደማይጠቅም ታውቃለች። ቀኝ እጇን ፊቱ ላይ አነሣችና ሁለት ጣት አሳየችው። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ከዚያ ሦስት ጣት አሳየችው፣ እጇን አላወረደችም፤ እስኪገባው ድረስ ይዛ ቆየች።

የታቀፈውን ካፖርት ተቀበልኩት፤ እኔው ነበርኩ ቅርብ።

ደነሱ። እሷ በጣቷ ትከሻውን ትመታለት ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ወዲያ ኮፍያዬ አላስፈለገውም፤ የኮፍያው ምልክት ግን በአዳራሹ ሁሉ ታወቀ፣ አህቲም አወቀው። አንድ ቤት አልገቡም፤ በዚያ ዕድሜ ሁለቱም የየራሳቸውን በር ለምደዋል። ነገር ግን ቅዳሜ ሦስት ዘፈን ይደንሳሉ፣ ቤቷ ድረስ ይሸኛታል፣ እሁድ እሷ ዘንድ የዓሣ ሾርባ ይበላል። ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር ገዛ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ልቡ በእንቅልፉ ቆመ። ሰባ ዓመቱ ነበር። ሦስተኛውን በሰባ ዓመትህ ነው ወይ የምትጠይቃት ያልኩት ቀልድ አሁን በዓይኔ እንባ ያመጣብኛል።

ከቀብሩ በኋላ እንደ ልማዳችን ወደ አዳራሹ ተመለስን። ኬርቱ ቡናና ሩዝ ያለበትን ቂጣ አቀረበች። ሊቀመንበሩ ከሩቅ የመጡ የሐዘን መልእክቶችን አነበበ። አህቲም ጣቶቹ አርጅተውበታል፤ ግን አኮርዲዮኑን አውጥቶ ለመታሰቢያው ሁለት ዘፈን ተጫወተ። ሁላችንም ቆመን ሰማን። ሁለተኛው ሲያልቅ ሰዉ ወንበሩን እየሳበ ተቀመጠ፣ አህቲም የአኮርዲዮኑን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

ሂልካ አልተቀመጠችም። ከሰዓቱ ሥር ቆማ፣ ቀኝ እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ትከሻ ላይ እንዳረፈች ሁሉ ይዛዋለች። አጠገቧ ያለች ሴት ቀሚሷን ጎተት አድርጋ ልታስቀምጣት ሞከረች። አልሰማቻትም። አህቲ ግራ ገባውና አንገቱን አዙሮ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አየ።

በሐዘን ቤት ኮፍያ አይደረግም። እኔ ግን ከኪሴ አውጥቼ ደፋሁት። አላወለቅኩትም።

አህቲ ማሰሪያውን መልሶ አጠበቀና ቫልሱን ጀመረ።